አጎቴ ያነበበው እርማት

አጎቴ «ጨው አቀብሉኝ» ሲል እንኳ አስቸኳይ መግለጫ ይመስላል። ገበታው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ይላል። ዕድሜውን በሙሉ በሬዲዮ ዜና ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ወንበሩን፣ ማይክሮፎኑንና ቀዩን መብራት ለተተኪው አስረክቦ ወጣ፤ ድምፁን ግን ማን ይቀማዋል? ይዞት መጣ። አውቶቡስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ካለ፣ መውረድ ያላሰበው ሁሉ ዕቃውን መሰብሰብ ይጀምራል።

«አንተ» እያልኩ የማወራው ንቄው አይደለም። አንቱ ልለው በሞከርኩ ቁጥር የሚቆጣው እሱ ነው። «አንቱታዬን ሁሉ ለሚኒስትሮች አንብቤ ጨርሻለሁ። ቤት ውስጥ አንተ በሉኝ» ይላል።

ዛሬ በቤተሰባችን ግሩፕ ላይ «ይህን ቀቅሎ የጠጣ ከሕመሙ ተፈወሰ» የሚል መልእክት ለመላክ የሚደፍር ሰው የለም። ገና ከመላኩ ያ ድምፅ ይመጣል፦ «ማን አለ? መቼ አለ? ያለው ሰው ምን ይሸጣል?» አንዷ ዘመዳችን «እንደምን አደራችሁ ለማለትም ምንጭ መጥቀስ ሊኖርብን ነው» ብላ አማርራለች። ይማረሩ። አጎቴ እንዲህ ከመሆኑ በፊት እናቴን ሊገድልብኝ ነበር። ይህን የምለው ቂም ይዤበት አይደለም፤ ከእናቴ ቀጥሎ በዚህ ዓለም ላይ የምወደው ሰው እሱ ነው። ግን የሆነው ሆኗል፤ የሆነው ደግሞ መነገር አለበት።

እናቴ ታላቅ እህቱ ናት። አያቴ የሞተችው እሱ ገና በእግሩ ሳይጠና ስለሆነ ያሳደገችውም እሷ ናት። ልብስ ሰፊ ነች። የቤታችን የፊት ክፍል ሱቋ ነው፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፣ ግድግዳው ላይ ገና አንገትጌ ያልተገጠመላቸው የተማሪ ሸሚዞች ተሰቅለዋል፣ ከሸሚዞቹ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ሬዲዮው አለ። ልጅ እያለሁ የዜና ሰዓት መድረሱን የማውቀው በሬዲዮው ጩኸት ሳይሆን በመኪናው ዝምታ ነበር። አጎቴ አፉን ሲከፍት የእናቴ እግር ፔዳሉ ላይ ቀጥ ይላል። ደንበኛ አንድ እጅጌ ለብሳ አንዱን ሳትለብስ፣ ወገቧ ላይ መርፌ እንደተሰካ ትቆማለች። «ቆይ አንዴ፣ ወንድሜ እያወራ ነው» ትባላለች። ስለ መንገድ ጥገና ይሁን ስለ እህል ዋጋ ለእናቴ ግድ አልነበራትም።

ለእሷ ወንድሟ ሁለት ሰው ነበር። የቤት ድምፁን ከምንም አትቆጥረውም። ቁጭ ብሎ «እትዬ፣ ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም» ቢላት ልብስ አጥባ ታሰጣለች። ያንኑ በሬዲዮ ድምፁ ከሰማች ግን በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዛ ትወጣለች።

አንድ ነገር ብቻ ቅር ይላት ነበር። «ስንቱን በስም ትጠራ የለ እንዴ! አንድ ቀን እንኳ መጨረሻ ላይ ‹እትዬ፣ እንዴት ነሽ› ብትለኝ ምን ትሆናለህ?» ትለዋለች። እሱም ሳቅ ብሎ «እትዬ፣ ዜና የቤተሰብ አይደለም። ማይክሮፎኑ ፊት እህት የለኝም» ይላታል። እሷም «ተወው፣ ለቀልድ ነው» ትልና ክሯን በምራቋ አሹላ መርፌዋ ውስጥ ትከታለች። ለቀልድ ግን አልነበረም። በዓመቱ ደግማ ትጠይቀዋለች።

ጡረታ ሲወጣ መጀመሪያ ላይ አንጀቴን ይበላው ነበር። በዜና ሰዓት ይነሳና ክፍል ውስጥ ይንጎራደዳል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያ የሚያነበው ነገር ስለሌለ የጥርስ ሳሙናውን ካርቶን ያነባል። ስልክ የገዛሁለት እኔ ነኝ፤ ግሩፑ ውስጥ ያስገባሁትም እኔ። ጥቂት ቆይቶ ዓይናቸው የደከመ ዘመዶች «ይችን ጽሑፍ አንብብልን እስቲ» ማለት ጀመሩ። አጎቴም ሥራ አገኘ። ስቱዲዮውም ተገኘ፤ ቁም ሳጥኑ። ካፖርቶቹ ድምፅ ስለሚውጡ ማሚቶ የለውም አለ። በሩን ከውስጥ ዘግቶ፣ ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ፣ የሚስቱ ረጅም ካፖርት ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ «ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን» ሲል፣ ሚስቱ ሳሎን ሆና በሳቅ ትፈርስ ነበር።

ያነብ የነበረው ግን የመጣለትን ሁሉ ነው። ልማዱ ነዋ! ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ወረቀት እሱ ፊት የሚደርሰው ሌሎች አንብበው፣ ጠይቀው፣ ሰርዘውና ፈርመውበት ነው። የእሱ ድርሻ የት መተንፈስ፣ የት ድምፅ ማንሳት እንዳለበት ማወቅ ነበር። «እውነት ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቁ ሰዎች ከስቱዲዮው መስተዋት ወዲያ ነበሩ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ካፖርት እንጂ መስተዋት አልነበረም። እሱ ደግሞ መጉደሉን ልብ አላለውም።

አንድ ቀን አንዱ ዘመድ ከሌላ ቦታ የመጣ ጽሑፍ ወረወረ። የደም ግፊት ክኒን ኩላሊትን ቀስ እያለ ይገድላል፤ የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ውህድ ግን ክኒኑን ሙሉ በሙሉ ይተካል፤ ይህን ሐኪሞች አይነግሯችሁም ይላል። አጎቴ አነበበው፤ እንዴት አድርጎ አነበበው! «ቀስ እያለ» የሚለው ላይ ድምፁን ዝቅ ሲያደርገው ሰውነትን ይወርራል። እኔ በዚያ ሰሞን ሥራ በዝቶብኝ ግሩፑን አልከፈትኩትም ነበር።

እናቴ ግን መኪናዋን አቁማ ሰማችው። የግፊት ክኒን ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። አያቴ የሞተችው ደግሞ በኩላሊት ነው። እናቴ ያኔ ልጅ ነበረች፤ ያበጠውን እግር በሞቀ ውሃ የምታጥበው እሷ ነበረች። ኩላሊት የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ቀን ክኒኑን ተወችው።

እኔ ያወቅኩት ቅዳሜ ልጠይቃት ስሄድ ነው። «እስቲ ክር አስገቢልኝ» አለችኝ። ዓይኗን ጨፍና ክር የምታስገባ ሴት! ማጅራቷን እያሸች ነበር፤ ራሴን ጨምድዶ ያዘኝ አለች። ለሸሚዙ ቁልፍ ፍለጋ የቁልፍ ቆርቆሮዋን ስከፍት ከቁልፎቹ ሥር ክኒኖቹ አሉ፤ አንድም ያልተነካ።

«እማዬ! ምንድን ነው ይሄ?»

«አትጩኺብኝ፣ ራሴን እያመመኝ ነው» አለች።

ይዣት በሄድኩበት ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ግፊቷን ለካች፤ እንደገና ለካች፤ ከዚያ እየሮጠች ሐኪሙን ጠራችው። ወጣት ነው፤ ትሕትና ያለው። በዚያው ቀን አልጋ ላይ አስተኝተው እስኪወርድላት ጠበቁ፤ ደሟንም ወሰዱ። ኩላሊቷ ደህና ሆኖ ተገኘ። ሲጨርስ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ «እናቴ፣ መድኃኒቱን ያቁሙ ያለዎት ማን ነው?» አላት።

«ሬዲዮ» አለችው።

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። ዳግመኛ እንዳታቋርጥ፣ ማቋረጡ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ሊያፈስ እንደሚችል በትዕግሥት አስረዳት። እሷም «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። እንደ አዲስ ያዘዘላትን መድኃኒትም ገዛን። ቤት ስንደርስ ከነካርቶኑ ሬዲዮው ጎን አስቀመጠችውና ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ባለቅስ ወይ ፍንክች። «ሐኪሙ ጥሩ ልጅ ነው። ግን ልጅ ነው» አለችኝ። «እናቴን ያከሟትም ጥሩ ልጆች ነበሩ።»

የእሷ ግፊት አልበቃ ብሎ የኔም ወጣ። አጎቴ ቤት በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ጋሼ፣ እማዬን ምን አድርገሃት ነው?» ብዬ ነገርኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ... የተጻፈውን ነው እኮ ያነበብኩት። አንዲት ቃል አልጨመርኩም!» አለና ስልኩን አወጣ። ጽሑፉን አብረን አየነው። እውነትም አንዲት ቃል አልጨመረም። ግን ቀንሷል። ከሥር፣ እሱ ያላነበበው መስመር ላይ «ውህዱን ለማዘዝ በዚህ ስልክ ይደውሉ፤ ያሉበት ድረስ እናመጣለን» ይላል።

«ይሄንንስ ለምን አላነበብከውም?»

«እሱማ ማስታወቂያ ነው» አለ፤ ክብሩ የተነካ ይመስላል። «እኔ በሕይወቴ ማስታወቂያ አንብቤ አላውቅም። የዜና ሰው ማስታወቂያ አያነብም። እዚያ ጣቢያም ማስታወቂያ ለሌላ ሰው ነው የሚሰጠው።»

«ጋሼ፣ ጽሑፉ በሙሉ ማስታወቂያ ነበር እኮ!»

ስልኩን ከላይ ጀምሮ ወደ ታች አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ አጠገቡ ወንበር እያለ አልጋው ጫፍ ላይ ዝፍ ብሎ ተቀመጠ። ማስታወቂያውን አጥቦ፣ ተኩሶ፣ ዜና አድርጎ ለእህቱ ያቀበላት እሱ ራሱ መሆኑ ሲገባው አየሁት።

ወዲያው ተነስቶ እናቴ ዘንድ ሄደ። እግሯ ሥር ተንበርክኮ «እትዬ፣ ተሳስቻለሁ፣ ዋጪው» አላት፤ በቤት ድምፁ። እሷም ፀጉሩን ዳበሰችው። «ይቺ ልጅ አስጨንቃህ ነው። ይልቅ በልተሃል ወይ?» አለችው። አለቀ።

ስንመለስ መንገድ ላይ «እንግዲያው ቁም ሳጥንህ ውስጥ ግባና በሬዲዮ ድምፅህ ዋጪ በላት! በቃ!» አልኩት።

ቆመ። «ሳላውቅ አንብቤ ነው እዚህ የደረስኩት» አለኝ። «አሁንም ሳላውቅ ላንብብ? ይሄኛው እውነት ቢሆንስ በምን አውቃለሁ? ያኛውም እውነት መስሎኝ ነበር።»

እልሄን ስጨርስ ትክክል መሆኑ ገባኝ። «እና ማን ዘንድ እንሂድ?» አልኩት።

«ቀይ እስክሪብቶ ዘንድ» አለ። ድምፁ ግን ወደ ጥርስ ነቃይ የሚሄድ ሰው ድምፅ ነበር።

ቀይ እስክሪብቶ የጣቢያው አርታኢ የነበሩ ሴትዮ ናቸው። እሳቸውን አንቱ ላለማለት አጎቴም አይደፍርም። አጭር ናቸው፤ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አይነካም፤ አጎቴ ግን ፊታቸው ሲቆም እንደ ተማሪ እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል። ቅጂውን ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«አነባበብህ ድንቅ ነው» አሉት። አጎቴ ፈካ። «የተነበበው ግን ገለባ ነው። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ። በል ተቀመጥና ፈልግ።»

አጎቴ ስልኩ ላይ «የግፊት ክኒን ኩላሊት ይገድላል» ብሎ ጻፈ። ይገድላል የሚሉ ገጾች ተግተልትለው መጡ። «አየሽ! አየሽ!» እያለ ወደ እኔ ዞረ፤ ደንግጧል።

«መልሱን ነግረኸው ነው እኮ የጠየቅከው» አሉ ሴትዮዋ። «ይገድላል ካልከው ይገድላል የሚሉትን ጠርቶ ያመጣልሃል። አጥፋው። ‹የግፊት መድኃኒት እና ኩላሊት› በለው፤ እሱ ይንገርህ።»

ከሰዓቱን ሁሉ ሦስታችንም አንዲት ስልክ ላይ አጎንብሰን ዋልን። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፎቶ ያለበት ገጽ ተከፈተ፤ ስም የለውም። «ይሄ ጋውን እንጂ ሐኪም አይደለም፤ ዝለለው» አሉ። ሌላው ላይ የዳኑ ሰዎች ምስጋና እንባ በእንባ ሆኖ ተደርድሯል፤ ታች ወርደን ስናይ ያው ስልክ ቁጥር። አጎቴ ስልክ ቁጥሩን ሲያይ ማቃሰቱ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። አንዱን ደግሞ ብዙ ሺህ ሰው ተቀባብሎታል ብሎ ሊከራከር ሞከረ። «ሰው ስለተቀባበለው እውነት የሚሆን ቢሆን፣ ሞተች የሚለው ወሬ ብቻ ሦስት ጊዜ በቀበረኝ ነበር» አሉት።

በመጨረሻ ሐኪሞች የሚሰለጥኑበት አንድ ሆስፒታል ያወጣው ገጽ ተገኘ። የጻፉት ሐኪሞች ስም አለ፤ መቼ እንደታረመ ተጽፏል፤ ምንም አይሸጥም። አጎቴ ግን ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄማ አይነበብም። ‹እንደ ሰውየው ሁኔታ›፣ ‹በአንዳንዶች ላይ›፣ ‹ምርመራ ያስፈልጋል› ነው የሚለው። ምኑ ላይ ድምፄን ላንሳ?»

«የሚያውቅ ሰው የማያውቀውን አላውቅም ይላል። ስንፈልገው የዋልነው እሱን ነው። አንብብ» አሉት ሴትዮዋ።

አነበበ። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ኩላሊትን መከታተል ይጠይቃሉ፤ ያልታከመ የደም ግፊት ግን ራሱ ኩላሊትን ከሚጎዱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው ይላል። ከመጀመሪያው ጋር ዝምድና የሌለው ሌላ ገጽ አስፈለጉት፤ እሱም ያንኑ አለ። አጎቴ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በመዳፉ ጨፈነ።

«ኩላሊቷን የሚጠብቅላትን ነው እንዴ ያስጣልኳት?»

ሴትዮዋ ውሃ ቀድተው ሰጡትና ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው «ገና አልጨረስክም» አሉት። «ይህ ሁሉ ስለ ሰው በሙሉ ነው። እህትህን የሚያውቃት የመረመራት ሐኪም ነው። ደውልለት።» እኔ ስልኩን ሰጠሁትና ደወለ። ሐኪሙ የምትወስደውን ክኒን በስሙ እየጠራ፣ የደም ምርመራዋን እየጠቀሰ ጥያቄውን ሁሉ መለሰለት። አጎቴ ሲያመሰግነው ሐኪሙ «ይቅርታ፣ ድምፅዎን የት ነው የማውቀው?» አለ። አጎቴ መልስ ሳይሰጥ ተሰናበተው።

«አሁን እርማቱን ጻፍ» አሉ ቀይ እስክሪብቶ።

አጎቴ እርማት አንብቦ አያውቅም። በእነሱ ጣቢያ እርማት ለጀማሪ ነበር የሚወረወረው፤ ትልልቆቹ ድምፃቸውን አያቆሽሹበትም። «ሳይታወቅ በተፈጠረ ስህተት» ብሎ ጀመረ። ሴትዮዋ ሰረዙበት። «ማን ሳያውቅ?» ጻፈ፤ ሰረዙ። ጻፈ፤ ሰረዙ። እስክሪብቷቸው በእርግጥም ቀይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ዘንድ ሄድኩ። መኪናዋ ላይ ነበረች፤ አንገትጌ እየገጠመች፣ ቀስ እያለች፣ በየመሃሉ ማጅራቷን እየያዘች። ካርቶኑ ሬዲዮው ጎን እንዳለ ነው። ከግሩፑ የመጣውን ድምፅ ከፍቼ ስልኩን ከክሮቹ መሃል አስቀመጥኩላት።

«ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። እርማት አለን።»

ፔዳሉ ቀጥ አለ።

«ከዚህ ቀደም በዚሁ ድምፅ፣ የደም ግፊት ክኒን ኩላሊትን ይገድላል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ይተካዋል ተብሎ የተነበበው ዜና አልነበረም። የሚሸጥ ነገር ማስታወቂያ ነበር። ማስታወቂያ መሆኑን የሚያሳየውን የመጨረሻ መስመር አንባቢው አስቀርቶታል። ማን እንደጻፈውም አንባቢው አልጠየቀም። ጥፋቱ የአንባቢው ነው።»

እናቴ መቀሷን አስቀመጠች። ድምፁ የሆስፒታሉን ገጽ፣ የሁለተኛውን ገጽና የሐኪሙን ቃል እያንዳንዱን ማን እንዳለው እየጠቀሰ አነበበ። ሐኪሙን ሳያማክር ክኒን የሚያቆም ሰው ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል አለ። እንደ ድሮው ነው፤ ጥርት ያለ፣ የማይናወጥ። ከዚያ እዚህ ላይ ያበቃል ስንል ዝም አለ። ከዝምታው ውስጥ የካፖርት መስቀያ ሲንቀጫቀጭ ተሰማ።

«እትዬ» አለ፤ በዚያው በሬዲዮ ድምፁ። «እትዬ፣ እንዴት ነሽ? ክኒንሽን ዋጪልኝ። እኔ ካንቺ ሌላ እናት...»

ድምፁ እዚያ ላይ ተሰበረ። ስንት መዓት፣ ስንት ሐዘን ሳይንተፋተፍ ያነበበ ድምፅ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሊቀጥል ሞከረ፤ አልሆነለትም። ቅጂው በዚያው ተቋረጠ።

እናቴ ዞራ ሬዲዮውን አየችው።

«ማይክሮፎኑ ፊት እህት የለኝም ይል አልነበር?» አለች።

«ይል ነበር፣ እማዬ።»

«ጠራኝ» አለች። ተነስታ፣ እጇን ዘርግታ፣ ካርቶኑን ከሬዲዮው ጎን አነሳችው። «ውሃ አምጪልኝ።»

ውሃውን ይዤ ስመለስ ክኒኑ መዳፏ ላይ ነበር። በሌላኛው እጇ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ መጨረሻውን ብቻ ደግማ እየሰማች ነበር። እስክትጨርስ ብርጭቆውን ይዤ ቆሜ ጠበቅኳት።